ጨርቁን ወደ ፀሐይ አውጪው

የአንባቢ ደብዳቤ

«የተከበሩ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ከሚጽፍልዎ ችግር አንጻር የእኔ ጥያቄ ቅንጦት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛልና አይፍረዱብኝ።

44 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ነግጃለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ልጄን ብቻዬን አሳድጌ ዘንድሮ ከሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። ሳቢያን ቤት ሠርቻለሁ፤ የማንም ዕዳ የለብኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን አንድ ምኞት ነበረኝ፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና። ዘንድሮ ደፍሬ ቀብድ ከፈልኩ። በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ከውጭ ያዝዝልኛል።

ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ መጣ። አስመጪው ረጅም ዝርዝር ልኮ "እስከ ወሩ መጨረሻ መርጠሽ አሳውቂ" አለኝ። የውጭው ቀለም ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ወይም የማያበራ ግራጫ። የጨርቅ ጣሪያው ጥቁር ወይም ቀይ። የወንበሩ ቆዳ ጥቁር፣ ክሬም ወይም ቡናማ፤ ነፋስ የሚያስወጣ ወንበር በተጨማሪ ክፍያ። ጎማው ባለ 19 ወይም ባለ 20 ኢንች። "የክረምት ጥቅል" የሚባልም አለ፤ የወንበርና የመሪ ማሞቂያ ነው አሉኝ።

ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ቀለም ስቀያይር እኩለ ሌሊት ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ "ነጭ እዘዢ፣ ስትሸጪው ዋጋ ያወጣል" ይላል። የእህቴ ልጅ የማያበራውን ግራጫ ካላዘዝሽ ብሎ ሊያኮርፈኝ ነው። ልጄ ቢጫ ትላለች። የእኔ ልብ ቀዩ ላይ ነው። ግን "በዚህ ዕድሜዋ በቀይ መኪና ከዚራን ትዞራለች" የሚሉኝ ይመስለኛል። አብራኝ የምትኖረው እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ስለ ቀለሙ ምንም አላለችም። ሥዕሉን አይታ "በዚህ ቁልቢ ትወስጂኛለሽ?" ብቻ አለችኝ።

ደንበኛ ሱቄ መጥታ ጨርቅ ሲያምታታት በአምስት ደቂቃ አስወስኜ እሸኛታለሁ። ለራሴ ሲሆን ለምን አቃተኝ?

የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከድሬዳዋ»

መልስ

እህቴ፣ «እርስዎ» ብለሽ ስትጽፊልኝ የድሬ ልጅ መሆንሽን ለአፍታ ተጠራጠርኩ። ድሬ ትልቅና ትንሹ «አንተ» «አንቺ» ተባብሎ የሚኖርባት ከተማ ናት። እኔ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል፤ አንቺም በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ብድሬን መልሺ።

ደብዳቤሽን ከሚያነቡት መካከል «በዚያ ገንዘብ እኮ የኪራይ ቤት ይሠራበት ነበር» የሚሉ አይጠፉም። አልጠየቅሽኝምና አልገባበትም። ቤት ሠርተሻል፣ ዕዳ የለብሽም፣ ልጅሽ ልትመረቅ ነው። የቀረው መምረጥ ነው።

የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ላስቀድም፣ ምክንያቱም መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል። ደንበኛሽ ሁለት ሽፎን ይዛ «የቱ ይሻለኛል?» ስትልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሱቅሽን አላውቀውም፤ የማውቃቸውን የጨርቅ ነጋዴዎች አስቤ ልገምት። ጣቃውን ከመደርደሪያው ስበሽ፣ ሁለት ክንድ ያህል ፈትተሽ፣ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ወደ በሩ ትወጫለሽ። ሱቁ ውስጥ ባለው አምፖል ሥር ወይን ጠጅ የመሰለው እዚያ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቡናማ ይሆናል። ከዚያም «ለሠርግ ነው ለቤት? ማታ ነው የምትለብሺው ቀን?» ትያታለሽ። ጨርቁን ፊቷ አጠገብ ታስጠጊዋለሽ። በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ለራስሽ ግን አልጋ ላይ ተኝተሽ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ በእጅ መዳፍ በምታክል ስልክ ነው የምትመርጪው። የስልክ ብርሃን ከውስጡ የሚወጣ ነው። የመኪና ቀለም የሚታየው ግን ከላዩ ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ነው፤ የሚያርፍበት ደግሞ የድሬ ፀሐይ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ለሳሎኔ መጋረጃ በምሽት፣ በመብራት ሥር መርጬ ገዛሁ። ወርቃማ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሰቅዬው ሳየው የሽሮ ቀለም ነው። ሰባት ዓመት ተሰቅሎ ኖረ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ስለዚህ ስልኩን ለጊዜው አስቀምጪውና አስመጪውን የእያንዳንዱን ቀለም ናሙና ጠይቂው። መኪና አምራቾች በትንሽ ብረት ወይም ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ናሙና አላቸው። የወንበሩ ቆዳና የጣሪያው ጨርቅም እንዲሁ ቁራጭ አለው። ደግሞ ለአንቺ ቁራጭ ጨርቅ መጠየቅን ማን ያስተምርሻል?

አሁን ወደ ቀለሞቹ። የእህትሽ ልጅ የወደደው የማያበራው ግራጫ በሥዕል ላይ ያምራል፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀለም ሲቧጨር ታሽቶ አይመለስም። ያሹት እንደሆነ የታሸበት ቦታ ብቻ ማብራት ይጀምራልና ከጭረቱ የባሰ ይሆናል። ድሬ ውስጥ መኪና እንዴት እንደሚታጠብ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጥቂት። ልጁ ካኮረፈ ምሳ ጋብዢው።

ጥቁሩን ከመወሰንሽ በፊት የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ክዳን ከፍተሽ ውስጡን ተመልከቺ። ያ የተጋገረው ነጭ ነገር የድሬ ውኃ የሚተወው ኖራ ነው። ጥቁር መኪና ታጥባ ሳትወለወል ፀሐይ ላይ ከደረቀች እያንዳንዷ ጠብታ በደረቀችበት ነጭ ክብ ትተዋለች፤ ቶሎ ካልተነሳ ደግሞ እየነከሰ ይሄዳል። ጠዋት ማልዶ በጥላ ሥር አጥቦ ወዲያው በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ የሚወለውል ሰው ካለሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሌለሽ ጥቁር መኪና ቤት ውስጥ እንደ ተጨማሪ ሠራተኛ ናት፤ ያውም ደመወዙን አንቺ የምትከፍዪው፣ ሥራውንም አንቺ የምትሠሪው።

ወንድምሽ ስለ ነጩ ያለው ውሸት አይደለም። ነጭ አገራችን ውስጥ ቶሎ ይሸጣል፤ ሙቀትም ይመልሳል፤ የድሬ ቀን አቧራም ነጭ ላይ ብዙ አይታይም። ግን ወንድምሽ የሚያስበው የቤተሰብ መኪና እንደሚሸጥ አድርጎ ነው። የሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ገዢ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ገዢ ደግሞ የሚፈልጋት ስሜቱን ስለነካችው ነው እንጂ ነጭ ስለሆነች አይደለም። ይልቅ ስትሸጪያት የሚጠየቀው የባትሪው ጤንነትና የጥገና ወረቀቷ ነው። ወንድምሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ በሚቀጥሉት ሰባት ስምንት ዓመታት የምትነጃት አንቺ ሆነሽ ሳለ፣ አሁን ስሙን ለማናውቀው ገዢ ብለን ቀለም የምንመርጠው ለምንድን ነው? በፍቅር ጠይቂው። ምናልባት የሚያሳስበው ቀለሙ ሳይሆን ገንዘብሽ ይሆናል። ያ ከሆነ የምታወሩት ሌላ ነው፤ ሊብሬና ኢንሹራንስ ይዘሽ ቁጭ ብለሽ አስረጂው።

ቢጫው ደስ ይላል። ልጅሽ የራሷን መኪና ስትገዛ ታዝዘው።

ቀዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ልብሽ ያለው እዚያ ነውና። ድሮ የቀይ ቀለም በፀሐይ ቶሎ የመገርጣት ስም ነበረው፤ ወደ ሮዝ የሄዱ አሮጌ ቀይ መኪኖችን ሳታዪ አልቀረሽም። የዛሬው ቀለም ከላዩ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚቀንስ ግልጽ ሽፋን ይቀባበታል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በጥቂት ዓመት አይገረጣም። ይህ ማለት ግን ድሬ ፀሐይ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ታቁሚያታለሽ ማለት አይደለም። ቀይ ያዘዘ ጥላ ይሠራል። ግቢሽ ውስጥ መጠለያ ከሌለ ከቀለሙ ጋር የቆርቆሮውንም ሒሳብ አሁኑኑ ጨምሪው። የከዚራ ዛፎች ጥላቸው ለማንም በነጻ ነው፤ ወፎቹ ግን የሚያስከፍሉት አላቸው፤ የወፍ ኩስ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለም ይበላል።

ቀይ ለስፖርት መኪና የተሰጠው ደግሞ ለታይታ አልነበረም። ድሮ በዓለም አቀፍ የመኪና ውድድር እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀለም ነበረው። ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ቤልጂግ ቢጫ፤ ጀርመን በመጀመሪያ ነጭ ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብርማ። የባቡር ሐዲዱን በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ አድርሰው ከዚራን የቀየሱልን ፈረንሳዮች ስለሆኑ በእነሱ ደንብ ቢሆን ከተማችን የምትነዳው ሰማያዊ በሆነ ነበር። ይህን የምነግርሽ የሚያሙሽ ሰዎች ቢኖሩ መልስ እንዲኖርሽ ነው፤ ጣሊያኖች በቀይ የጀመሩት ለመታየት ሳይሆን የአገራቸው መለያ ስለሆነ ነው።

ሐሜቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠዋት ከቀፊራ ገበያ ዘንቢላቸውን ይዘው የሚመለሱ ስድሳ ዓመት የሞላቸው እናቶች ምን ዓይነት ሽቲ ነው የሚለብሱት? ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቀይ፣ አበባው ጉልህ ያለ ሐምራዊ። ጨርቁን የሸጥሽላቸው አንቺና ጎረቤቶችሽ ናችሁ። ከመካከላቸው ለአንዷ «በዚህ ዕድሜሽ ቀይ?» ብለሽ ታውቂያለሽ? እንዳላልሽ እርግጠኛ ነኝ፤ ብትይ ኖሮ ሃያ ሁለት ዓመት አትነግጂም ነበር። ሰዎች አይናገሩም አልልሽም፤ ይናገራሉ። ድሬ ለአንድ ሳምንት ታወራለች፣ በሁለተኛው ሳምንት ለመኪናዋ ስም ታወጣላታለች፣ በሦስተኛው የሰፈር ልጆች «አንድ ጊዜ ውሰጂን» ይሉሻል። ነጭም ብታዝዢ ያው ነው። ጣሪያ የሌላት ሁለት ወንበር መኪና በነጭ ቀለም አትደበቅም። መናገራቸው የማይቀር ከሆነ ልብሽ ያለበትን ይዘሽ ይናገሩ ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ነው፣ ፍርዱ የአንቺ ነው።

ስለ ውጭው ይህን ያህል ካወራን፣ ሁሉም ሰው የዘለለውን ነገር ላንሳ። መሪ ይዘሽ ስትነጂ የመኪናሽን የውጭ ቀለም አታዪውም። የምታዪው የሞተር ክዳኗን ጫፍ ብቻ ነው። ቀዩን የሚያየው ድሬ ነው፤ አንቺ በየቀኑ የምታዪው፣ የምትነኪው፣ የምትቀመጪበት የውስጡ ነው። ወንድምሽም የእህትሽ ልጅም ልጅሽም ስለ ውስጡ አንድ ቃል አለመናገራቸውን ልብ ብለሻል?

በ2011 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አንድ ጥቁርና አንድ ብርማ መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው ለክተው ነበር። የጣሪያቸው የሙቀት ልዩነት እስከ 25 ዲግሪ ደረሰ፤ ውስጥ ያለው አየር ግን የተለያየው በ5 ወይም 6 ዲግሪ ነው። ከቀሪው ሙቀት አብዛኛው በመስታወት በኩል የሚገባ ነው፣ የሚያርፈውም ወንበሩና ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ስለዚህ በሰኔ ቀትር ታይዋን አጠገብ ከቆመች መኪና ውስጥ ስትገቢ የሚያቃጥልሽ የውጭው ቀይ ሳይሆን የምትቀመጪበት ጥቁር ቆዳ ነው። ጥቁሩን ወንበር እርሺው።

ክሬሙ ደግሞ ለሌላ ሰው ይሆናል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ የምትነኪና የምትለብሺ ሴት ነሽ። ገና ያልለቀቀ ቀለም በላብ ረጥቦ ክሬም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለአንቺ መንገር ለቀበሮ ደሮ ማሳየት ነው። ለበዓል እጅሽን ሂና ትቀቢ ይሆናል፤ እናትሽም። ቡናማው ለአንቺ የተሠራ ይመስለኛል፤ እንደ ጥቁሩ አያቃጥልም፣ እንደ ክሬሙ አይቆሽሽም፣ ከቀይም ከነጭም ጋር ይሄዳል። ከዝርዝሩ ውስጥ ነፋስ በሚያስወጣው ወንበር ላይ ገንዘብሽን አውጪ። በቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ያንቀሳቅሳል፤ ድሬ ላይ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። የፊት መስታወት መሸፈኛም ያዢ። ርካሽ ነው፣ ሙቀቱንም ይቀንሳል።

ጣሪያው ጨርቅ ነው፤ እዚህ ላይ አማካሪዋ አንቺ ነሽ። እንዲህ ላለ ጣሪያ የሚሆነው ጥሩ ጨርቅ ክሩ ሲሠራ ጀምሮ እስከ ውስጡ የተነከረ አክሪሊክ ነው፤ ከላይ ብቻ የተቀባ አይደለም። ቁራጩ ሲመጣልሽ ጠርዙን በምላጭ ቆርጠሽ አንዲት ክር ምዘዢ፤ ልቧ ነጭ ከሆነ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል። ቀይ በቀይ ላይ እኔ ይበዛብኛል፤ ጥቁሩ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ለማንኛውም የምትከፍቺው ማልዶ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ድሬ ላይ ጣሪያ ከፍቶ የሚነዳ ጎብኚ ብቻ ነው።

ጎማው ላይ ባለ 19 ኢንቹን እዘዢ። ትልቁ ጎማ የሚያምረው ብረቱ ስለሚሰፋና ላስቲኩ ስለሚቀጥን ነው። የቀጠነ ላስቲክ ደግሞ ጉድጓድ ሲገባ የሚያስታግስ አየር የለውም፤ ይሰነጠቃል ወይም ብረቱን ያጎብጣል። የውስጥ ለውስጥ ድንጋይ ንጣፋችንና እነዚያ በየሰፈሩ የተሠሩት የፍጥነት መገደቢያ ጉብታዎች ለ20 ኢንች አልተሠሩም። በዚህ አጋጣሚ ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቁጥር ጠይቂና ደጃፍሽ ያለውን ጉብታ በሜትርሽ ለኪው። ሜትር መቼም አታጪም። አፍንጫዋን ለጊዜው ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ በተጨማሪ ዕቃነት ካለ ከሙዚቃው መሣሪያ አስቀድሚው።

አሁን ደግሞ ከቀለም ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ዝርዝርሽ ውስጥ አላየሁትም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መሆኗ ግድ ነው፤ ግን የኃይል መሙያ ሶኬቷ የትኛው ነው? ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነ ሶኬቷ የቻይና ዓይነት ይሆናል፣ ስክሪኗም ቻይንኛ ሊናገር ይችላል። ለውጭ ገበያ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ የአውሮፓውን ዓይነት ይዘው ይመጣሉ። የቱ እንደሆነ በጽሑፍ ይላክልሽ፤ ለቤትሽ የምታስገጥሚው ቻርጀርም ከእሱ ጋር ይስማማ። በ220 ቮልት 32 አምፔር የሚስብ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ 70 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት 10 ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሌሊት ማለት ነው። የቤትሽ መስመር ይህን ይችል እንደሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተሽ አሳዪ።

ልጅሽን ለመጠየቅ ሐሮማያ ስትወጪም አስቢው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐሮማያ 2000 ገደማ። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ያን ያህል ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የመንገዱ ሌላ ነው። ስትመለሺ ግን ደንገጎን ቁልቁል ስትወርጂ መኪናዋ ራሷን እየያዘች ከዚያው ከፊሉን ለባትሪው ትመልስልሻለች። ከተራራ ስትወርድ ነዳጇ የሚጨምር መኪና! እናቴ ብትሰማ «ሂጂ ውሸታም» ትለኝ ነበር።

የእናትሽን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለቀለለኝ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ሳነበው ዓይኔ የቆመው እሷ ላይ ነው። ወንድም ስለ ዋጋ፣ ወጣቱ ስለ ማማር፣ አንቺ ስለ ሰው ዓይን ስታስቡ እሷ የጠየቀችው መቀመጫውን ነው። «በዚህ ቁልቢ ትወስጂኛለሽ?» ማለት «እኔስ?» ማለትም ይሆናል፣ ወይም የእውነት ታኅሣሥ 19ን እያሰበች ይሆናል። ምን ብለሽ መለስሽላት? አልጻፍሽልኝም።

አንድ ቀላል ፈተና ልስጥሽ። የስፖርት መኪና ወንበር ከመሬት እምብዛም አይርቅም፤ ከቡና በርጩማ ብዙም የማይለይ ነው። እናትሽ ቡና ስታፈላ ከበርጩማዋ እንዴት እንደምትነሳ ሳታውቅብሽ ተመልከቺ። መሬት ተደግፋ ነው? የአንቺን እጅ ትይዛለች? ወይስ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ ቁጭ ትላለች? ከዚያ በርጩማውን ግድግዳ አስጠግተሽ፣ ፊት ለፊቱ ከፍ ያለ ነገር አድርገሽ፣ እግሯን ወደ ጎን አሻግራ ተቀምጣ እንድትነሳ ሞክሩት። መኪና ውስጥ መግባት እንዲህ ነው። ከቻለች ስለ ወንበሩ ጠይቂ፤ በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ለተሳፋሪውም እንዲሆን አድርጊ፣ ብዙ ጊዜ ለሹፌሩ ብቻ ነው የሚሰጡት። ካልቻለች ደግሞ አሁኑኑ ንገሪያት። ታኅሣሥ 19 ማለዳ በር ላይ ከምታውቅ ዛሬ ቡና እየጠጣችሁ «እማዬ፣ ቁልቢ ከፍ ባለ መኪና ተከራይተን አብረን ነው የምንሄደው፤ በዚህችኛዋ ግን ማታ ማታ ከዚራን አዞርሻለሁ» ብትያት ይሻላል። የበዓሉ ዕለት ያ መንገድ በእግረኛ ምእመናን የተሞላ ስለሆነ ቀስ እያለ ለሚሄድ መኪና ነው የሚመቸው፤ ስፖርት መኪና እዚያ ባትኖርም አይቆጭም።

ይህን በዚህ ሳምንት አድርጊ። ናሙናዎቹን ነገ ጠዋት ጠይቂ፤ ሲመጡ ሱቅሽ ውስጥ አትፍቻቸው። ቀትር ላይ ደጃፍ አውጥተሽ፣ ከዚያ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጋደም እዪያቸው። ቀዩን በአንድ እጅ፣ ቡናማውን ቆዳ በሌላው አድርገሽ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። አስተያየት አትጠይቂያት፤ አሳዪያት ብቻ። የትኛውን አንስታ በእጇ እንደዳሰሰች ጻፊልኝ።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ «የክረምት ጥቅል» ያሉሽ የወንበር ማሞቂያ፤ ድሬዳዋ? እባክሽ ሰርዢው።